ሽጣትና ተገላገል

«ሽጣትና ተገላገል» አሉት። የመኪናው መሪ ከላላ ሰንብቷል፤ ጋራዥ የመሪው ሳጥን ሙሉ በሙሉ ይቀየር ብሎታል፣ ብሩ ደግሞ የለም። ደላላው ገዢ አመጣ። ገዢው «ልጆቼን ትምህርት ቤት ላመላልስባት ነው» ሲል ግን ሰውየው አንጀቱ አልቻለም። «ወንድሜ፣ መሪዋ ልክ አይደለም። ሳልሠራት አልሸጥልህም» አለው። ደላላው ተቆጥቶ ሄደ።

እሑድ ጠዋት ግቢው ውስጥ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ደገፈ፣ የፊቱን በክሪክ አነሳ፣ ከሥር ማቆሚያ አደረገ። ጎማውን ላይና ታች ይዞ ወዘወዘው፤ ጸጥ። ግራና ቀኝ ሲይዘው ግን ቀጭ ቀጭ አለ። ልጁ መሪውን በትንሹ ስታወዛውዝ ከሥር ሆኖ አየ፦ ዘንጉ ይንቀሳቀሳል፣ ጎማው ዘግይቶ ይከተላል። ያለቀው ሳጥኑ አልነበረም፤ የዘንጉ ጫፍ መገጣጠሚያ ነው። አሮጌውን ሲፈታ ዙሩን ቆጠረ፣ አዲሱን በዚያው ዙር አሰረ፣ ቀስ ብሎ ነድቶ አላይመንት አሠራ።

ሰው «ገዢ ዓይን አለው፣ አንተ ዝም በል» ይላል። የላላ መሪ ግን በዓይን አይታይም፤ የሚያውቀው የጨበጠው ብቻ ነው።

በሳምንቱ ገዢው ተመልሶ ሲመጣ ያለቀውን ብረት መዳፉ ላይ አስቀመጠለት። ስለ ዋጋ የተነጋገሩት ከዚያ በኋላ ነው።