በዲላ ከተማ በመጠነኛ ገንዘብ ማደሪያ ስለ ማግኘት

መንገድ የሚነሣ ሰው ስንቁን ያሰናዳል፤ ልብሱን ይጠቀልላል፤ ለዘመድ የሚወስደውንም ስጦታ ይገዛል። ሲመሽ ጐኑን የሚያሳርፍበትን ስፍራ አስቀድሞ የሚያስብ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ይህም ልማድ ከአባቶቻችን የመጣ ይመስለኛል። በቀድሞው ዘመን መንገደኛ ከሰው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ሲጣራ «ቤት ለእንግዳ» ተብሎ ይገባ ነበርና፤ ለማደሪያ ገንዘብ መቀበልም ሆነ መስጠት እንደ ነውር ይቈጠር ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴል ባቆሙ ጊዜ እንኳ፤ ሰው ለበላው ምግብ ሒሳብ መክፈልን እስኪለምድ ድረስ ብዙ እንዳስቸገረ ይነገራል። ዛሬ ግን ከተሞቹ ሰፍተዋል፤ መንገደኛውም በዝቷል፤ ስለዚህ «አልጋ አለ?» ብሎ መጠየቅና ዋጋውን መክፈል የሁሉ ሰው ዕጣ ሆኗል። በአቅም ልክ የሚያሳርፍ አልጋ ማግኘት ደግሞ ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። እኔ ይህን ዕውቀት በዲላ ከተማ በችግር ስለ ተማርሁት፤ ለቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች ይጠቅም ዘንድ በአጭሩ እጽፈዋለሁ።

ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፤ ከሐዋሳ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ከመሆንዋም በላይ፤ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ከክልሉ መሥሪያ ቤቶች አንዳንዶቹ መቀመጫቸውን በእርስዋ አድርገዋል። ስለዚህ ወደ ዲላ የሚመጣው እንግዳ አንድ ዓይነት አይደለም። ባለ ጉዳይ አለ፤ የቡና ነጋዴ አለ፤ ወደ ሞያሌ የሚያልፍ የጭነት መኪና ሾፌር አለ፤ ልጁን ወደ ዲላ ዩኒቨርሲቲ የሚያደርስም ወላጅ አለ። ቀን ጉዳያቸው ቢለያይም ማታ ሁሉም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ እርሱም አልጋ ነው።

እኔና ባለቤቴ ወደዚያ የሄድነው በኅዳር ወር ሴት ልጃችንን ወደ ዩኒቨርሲቲው ለማድረስ ነበር። ለእርስዋ መኝታ በግቢው ውስጥ ስለሚሰጣት ያሳሰበን የራሳችን ማደሪያ ነበር። ከያዝነው ገንዘብ ላይ ለብርድ ልብስዋ፣ ለደብተርዋና ለወር ወጪዋ የሚሆነውን ስንቀንስ የሚተርፈን እጅግ ጥቂት ሆነ። ለአልጋ የምንከፍለው እያንዳንዱ ብር ከልጃችን እጅ የሚነጠቅ ሆኖ ይታየን ነበር።

መናኸሪያው የደረስነው ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ነው። በጠየቅንበት ቤት ሁሉ የምንሰማው መልስ «ተይዟል» የሚል ብቻ ሆነ። ለካ ወሩ የቡና ለቀማ ወር ኖሯል፤ ነጋዴውም ሾፌሩም አልጋውን ሁሉ ቀድሞ ይዞታል። በመጨረሻ አንድ ደላላ «ርካሽ አለኝ» ብሎ ከመጠጥ ቤት ጓሮ ወዳለች አንዲት ክፍል ወሰደን። እኛም በዋጋው ማነስ ደስ ብሎን፤ ክፍሏን በሚገባ ሳናይ ሒሳቡን ከፈልን፤ ለደላላውም የድካሙን ጨመርንለት። በሩን ስንዘጋው መቀርቀሪያ የለውም። ዘፈኑ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ አልበረደም፤ ዘፈኑ ሲበርድ ደግሞ ትኋኑ ተነሣ። እናትና ልጅ በሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ሲያንቀላፉ፤ እኔ በሩን በጀርባዬ ደግፌ አነጋሁ። በማግስቱ ልጃችን ለምዝገባ የቀረበችው ዓይንዋ እንደ ቀላ ነው። ጥቂት ብር አተርፋለሁ ብዬ ለብዙ ዓመት የተመኘችውን ቀን አበላሸሁባት፤ ይህም እስከ ዛሬ ይቈጨኛል።

ከምዝገባው በኋላ ቡና ለመጠጣት ከአንዲት እናት ዘንድ ተቀመጥን። ሁኔታችንን አይተው የት እንዳደርን ጠየቁን፤ ነገርናቸውም። እርሳቸውም «ልጄ፤ አልጋ በቀን ይታያል እንጂ በጨለማ አይያዝም» አሉኝ። ከዚያም ከአውራ ጎዳናው ወደ ውስጥ ገባ ያለ አንድ ፔንሲዮን አመለከቱን። የዚያ ቤት ክፍል ከአልጋና ከአንድ ወንበር በቀር ሌላ ዕቃ አያስገባም፤ መታጠቢያውም የጋራ ነው፤ ነገር ግን አንሶላው ታጥቧል፤ ቁልፉ ይሠራል፤ ደጁም ጸጥ ያለ ነው። ዋጋው ደግሞ በዚያች ክፉ ሌሊት ከደላላው ጋራ ከከፈልነው ያነሰ ሆኖ አገኘነው።

የክፍል ጥበት ነውር አለመሆኑን ከሩቅ አገርም ልንማር እንችላለን። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጐብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ባስተዋወቁን በጃፓን አገር፤ የታላላቁ ከተሞች መሬት እጅግ ውድ ነው። ስለዚህ በ1971 ዓ.ም. በኦሳካ ከተማ፤ አንድ ሰው ብቻ የሚጋደምባቸው፤ እንደ ሣጥን የተደራረቡ መኝታዎች ያሉበት ሆቴል ተከፈተ፤ ልማዱም ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፋ። እንግዳው በጋራ ይታጠባል፤ ሰፊ ክፍል አያገኝም፤ ግን በንጹሕ መኝታ አርፎ በጥቂት ገንዘብ ያድራል። መንገደኛ በገንዘቡ የሚገዛው ዕረፍትን ነውና፤ ከክፍሉ ስፋት ይልቅ ንጽሕናውን፣ ቁልፉንና ጸጥታውን ይመልከት።

ወደ ዲላ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ወራቱን ይወቅ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡናው የሚሰበሰብበት ጊዜ ነው፤ በጥር ወር ደግሞ የጌዴኦ ሕዝብ የዘመን መለወጫ የሆነው የደራሮ በዓል ይከበራል። በእነዚህ ወራትና በዩኒቨርሲቲው የምረቃ ሰሞን አልጋ ይጠባል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። በዚያ ጊዜ መሄድ ግድ የሆነበት ሰው በከተማው የሚያውቀውን ወዳጅ ወይም ባልደረባ ቀድሞ በስልክ አልጋ እንዲይዝለት ይለምን። ይህን ማድረግ ያልቻለ ግን ከቀኑ ዐሥር ሰዓት በፊት ለመድረስ ይጣጣር።

ከደረሰም በኋላ ከመናኸሪያው አጠገብ ከመያዝ ይልቅ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይጠይቅ፤ በአውራ ጎዳናው ሌሊቱን የሚያልፈው የጭነት መኪና እንቅልፍ ይነሣልና። ከመክፈሉ በፊት ክፍሉን በዓይኑ ይይ፤ አንሶላውን ይግለጥ፤ ቧንቧውን ይክፈት፤ ቁልፉን ይሞክር። ዋጋው ለአንድ ሰው ይሁን ለአልጋው አጣርቶ ይጠይቅ፤ ከአንድ አዳር በላይ የሚቈይ ከሆነም ቅናሽ ይለምን። መታወቂያውን ከእጁ አይለይ፤ እንግዳ ሲገባ ይመዘገባልና።

አንድ ሌሊት በሚገባ ያረፈ ሰው አገሩን ለማየት ዓቅም ያገኛል። ወናጎና ይርጋ ጨፌ ከዲላ በስተ ደቡብ በዚያው ጎዳና ላይ ስለሆኑ ጠዋት ሄዶ ማታ ለመመለስ ይቻላል። በጌዴኦ አገር ታላላቅ ዛፎች እንሰቱን፤ እንሰቱም ቡናውን አስጠልሎ በአንድነት ይበቅላሉ፤ በተራሮቹ ላይም ጥንታውያን የድንጋይ ሐውልቶች ቆመው ይገኛሉ። ይህ ሁሉ በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ወደ ቡሌ ደጋ የሚወጣ ሰው ግን ብርድ ስለሚያገኘው ጋቢውን ይያዝ።

ስለ ዋጋ ስንከራከር ደግሞ የአገሩን ሰው እንዳናስቀይም እንጠንቀቅ። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት ብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ከቀያቸው ተፈናቅለው ነበር። በዚያ ጊዜ ትምህርት ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት ማደሪያ ሆኑ፤ ብዙ ቤተ ሰብም ለራሱ ባልበቃው ቤት ሌላውን አስጠግቶ፤ ካለው ቆጮ አካፍሎ አሳደረ። እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲቈይ ብረት ይሆናል የሚለውን ተረት ሁላችን እናውቃለን፤ እነዚያ ሰዎች ግን ለወራት የቈየውን እንግዳ ታግሠዋል። እንዲህ ባለ አገር አልጋ የሚያከራይ ሰው የሚጠይቀውን ተገቢ ዋጋ መክፈል ለእንግዳ ተቀባይነቱ ምስጋና ማቅረብ ነው።

እኛም በሁለተኛው ቀን ለፔንሲዮኑ ባለቤት የጠየቁትን ሳንከራከር ከፈልን። ለልጃችን የብርድ ልብሱን ገዛንላት፤ በግቢው በር ላይ ስንሰናበታትም ሌሊቱን ተኝታ ስላደረች ፊትዋ ፈክቶ ነበር።