እርሳስና ብረት፤ ከአራት ኪሎ እስከ ቃሊቲ

ከሳሪስ ቁልቁል ወደ ቃሊቲ የሚዘልቀው ጎዳና የጭነት ጎዳና ነው። ከወደብ የመጣ ዕቃ የሚፈተሽበት ጉምሩክ፣ ቧንቧና ቆርቆሮ የሚያወጣው የብረታ ብረት ፋብሪካ፣ አለፍ ብሎም በአቃቂ በኩል ለሌሎች ፋብሪካዎች ጥርስና ዘንግ የሚቀርጸው የመለዋወጫ ዕቃዎች ፋብሪካ ሁሉም በዚሁ አቅጣጫ ይገኛሉ። በ2008 ዓ.ም. መግቢያ ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር በደቡብ በኩል ጉዞውን የሚያበቃው እዚሁ ቃሊቲ ነው። ባቡሩ ካበቃበት አልፎ ወደ ቂሊንጦ የተጓዘ ሰው ደግሞ በ2003 ዓ.ም. የተመሠረተውን የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ያገኛል። በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የተተከለው ይህ ተቋም ከምርምር ማእከሎቹ መካከል አንዱን ለናኖ ቴክኖሎጂ፣ አንዱን ለሰው ሠራሽ አስተውሎትና ለሮቦት፣ አንዱን ደግሞ ለከፍተኛ ስሌት መድቧል።

እንዲህ ያለው ጉርብትና በሌላው ዓለም እንግዳ ነገር አይደለም። ቃሊቲ ላይ ግን ብረት የሚቀርጸው እጅና ቀመር የሚያሰላው አእምሮ ጎን ለጎን ይኑሩ እንጂ በሚገባ ተዋውቀዋል ለማለት ያስቸግራል። አለመተዋወቃቸው ምን እንደሚያስከፍል ለመረዳት የአንድ ኢትዮጵያዊ የፊዚክስ ሊቅን የምርምር ጉዞ መከተል ይበጃል። ሰውየው ዶክተር ኢዮብ አለባቸው ናቸው። ጉዞው የተጀመረውም ቃሊቲ ሳይሆን አራት ኪሎ ነው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአራት ኪሎ የሳይንስ ቅጥር ግቢ የኳንተም ኦፕቲክስ ጥናት በፕሮፌሰር ፍስሐ ካሣሁን ዙሪያ ተኮትኩቶ አድጓል። ኳንተም ኦፕቲክስ ብርሃንን እንደ ማዕበል ብቻ ሳይሆን አንድ ሁለት ተብለው ሊቆጠሩ በሚችሉ ፎቶን በሚባሉ ቅንጣቶች የሚመረምር የፊዚክስ ዘርፍ ነው። ሙያው በምልዓት ይካሄድ ከተባለ ንዝረት የማይደርስበት ጠረጴዛ፣ የጠራ ሌዘር፣ አንዲቷን ፎቶን ለይቶ የሚቆጥር መሣሪያ ያሻዋል። የአራት ኪሎው ግን የእርሳስ ፊዚክስ ነበር። ጠመኔ፣ ጥቁር ሰሌዳ፣ ወረቀትና ትዕግሥት የቤተ ሙከራውን ቦታ ተክተው ሠርተዋል። ይህ ለማቃለል የተባለ አይደለም። መሣሪያ ባልነበረበት አገር የዓለም ሊቃውንት ከሚነጋገሩበት ሸንጎ ሊያስገባ የሚችለው በር ይኸው ብቻ ነበርና፤ በበሩም የገቡ አሉ። ፕሮፌሰር ፍስሐ እ.ኤ.አ. በ2008 የዘርፉን መሠረቶች የሚያስተምር መጽሐፍ አሳትመዋል፤ ዶክተር ስንታየሁ ተስፋም እ.ኤ.አ. በ2006 በባለ ሦስት እርከን ሌዘር ውስጥ ስለሚፈጠረው የኳንተም ቁርኝት የጻፉት ጥናት ፊዚካል ሪቪው በተባለው ታዋቂ መጽሔት ላይ ወጥቶላቸዋል።

ባለ ሦስት እርከን ሌዘር ምንድን ነው? አቶም ጉልበቱን እንደ ደረጃ የሚወጣና የሚወርድ ነገር ነው ብሎ አንባቢ ያስብ። ከላይኛው እርከን ወደ መካከለኛው፣ ከመካከለኛው ወደ ታችኛው ሲወርድ ሁለት ፎቶኖችን ይለቃል። አቶሙ አስቀድሞ ከላይኛውና ከታችኛው እርከን በአንድ ጊዜ እንዲገኝ ሆኖ ከተዘጋጀ (የኳንተም ሕግ ይህን ይፈቅዳል) የሚወጡት ፎቶኖች እንደ መንታ የተሳሰሩ ይሆናሉ። ከዚህ መተሳሰር የተጨመቀ ብርሃን የሚባለው ይገኛል። ፍጹም ጨለማ እንኳ የማያጣው፣ ከቶ ሊወገድ የማይችል የብርሃን መናወጥ አለ። መናወጡን በአየር እንደ ተሞላ ስልቻ መቁጠር ይቻላል፤ በአንድ ጎን ሲጫኑት በሌላው ጎን ያብጣል እንጂ አይጠፋም። ጥበቡ ለሥራ የሚፈለገውን ጎን አጥብቦ እብጠቱን ወደማይጎዳው ጎን መግፋት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ኢዮብ አለባቸውና ፍስሐ ካሣሁን በጋራ ያሳተሙት ጥናት በዚሁ ጉዳይ ላይ ነበር፤ በሌዘሩ ውስጥ ፓራሜትሪክ አጉሊ ሲጨመር ጭመቁ እንዴት እንደሚሆን በቀመር ይመረምራል። ተማሪና መምህር በአንድ ወረቀት ራስጌ ስማቸውን አስፍረዋል። አድራሻቸውም አዲስ አበባ ነው።

ከዚህ በኋላ ጉዞው ወደ ባሕር ማዶ ያመራል። ኢዮብ የዶክትሬት ጥናታቸውን እ.ኤ.አ. በ2012 በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ፈጸሙ፤ ቀጥሎም ወደ ካሊፎርኒያ ሪቨርሳይድ ዩኒቨርሲቲ ተሻገሩ። እዚያ የገጠማቸው አቶም እውነተኛ አቶም አልነበረም። በቺፕ ላይ የተቀረጸ፣ ከፍጹም ዜሮ ሙቀት በመቶኛ ዲግሪ ብቻ ከፍ እስኪል ድረስ በርዶ ያለ አንዳች ተቃውሞ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ የብረት ዑደት ነበር። ዑደቱ እንደ አቶም እርከን አለው፤ ከብርሃን ይልቅም ከማይክሮዌቭ ጋር ይነጋገራል። ስሙ ኩቢት ነው፤ የኳንተም ኮምፒዩተር ፊደል። ነገሩን አስደናቂ የሚያደርገው ደግሞ ይህ ነው፤ ኩቢትንና ማይክሮዌቭን የሚገዛው ቀመር አቶምንና ብርሃንን ከሚገዛው ቀመር ጋር ወንድማማች ነው። አራት ኪሎ ላይ በጠመኔ የተጻፈው ቀመር ሪቨርሳይድ ላይ ብረት ለብሶ ተገኘ ማለት ነው።

ኩቢት ግን ጭምት ነው። በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ለማወቅ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ መጠየቁ ደግሞ ይጎዳዋል። በደጋ ሌሊት በውጭ ያለን እንግዳ ለማነጋገር በሩን የከፈተ ሰው የምድጃውን ሙቀት ያጣል፤ በሩን አጥብቦ ከያዘው ደግሞ የእንግዳውን ድምፅ በደንብ አይሰማም። ኩቢትም መልሱን በፍጥነት እንዲሰጥ በሩ ሲሰፋለት የያዘው ኃይል በዚያው ሾልኮ ይወጣል። ይህ በኤድዋርድ ፐርስል ስም የሚጠራ ክስተት ነው። መፍትሔው ድምፁን የሚያሳልፍ፣ ሙቀቱን ግን የሚያግድ በር መሥራት ነው፤ ማለትም የንባቡን ማይክሮዌቭ ለቆ የኩቢቱን የራሱን ድግግሞሽ የሚገታ ማጣሪያ። የዚህን ማጣሪያ የኳንተም ንድፈ ሐሳብ የሚያትተው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ ሦስት ጸሐፊዎች ነበሩት። የመጀመሪያው ኢዮብ ናቸው፤ ሁለተኛው ጆን ማርቲኒስ፣ ሦስተኛው አሌክሳንደር ኮሮትኮቭ። እ.ኤ.አ. በ2025 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ለጆን ክላርክ፣ ለሚሼል ዴቮሬና ለዚሁ ለማርቲኒስ ተሰጠ። የተሸለሙት ዓይን በሚያየው የኤሌክትሪክ ዑደት ውስጥ የኳንተም ሕግ እንደሚሠራ በ1980ዎቹ አጋማሽ በበርክሌይ በሙከራ ስላሳዩ ነው።

ኢዮብ ከዚያ በኋላ የተሰማሩት የኳንተም ኮምፒዩተር በሚሠራው በሪጌቲ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ከባልደረቦቻቸው ጋር ሰፊ የኳንተም ኮምፒዩተር እንዴት ሊዋቀር እንደሚችል፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ሁለት ጎረቤት ኩቢቶች በተፈለገ ጊዜ ብቻ እንዲነጋገሩ፣ ባልተፈለገ ጊዜ ጸጥ እንዲሉ የሚያደርግ ማገናኛ ስለ መሥራት ጽፈዋል። የእርሳሱ ሊቅ በመጨረሻ ከሠሪዎቹ መካከል ገቡ። ነገር ግን የገቡት ቀመሩን ከተማሩበት አገር ሌላ ጫፍ፣ ቺፕ የሚቀርጽ ፋብሪካና ቀመር የሚጽፍ ሰው በአንድ ኩባንያ ጣሪያ ሥር ከሚውሉበት ቦታ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ሌላ ቅርንጫፍ አለ፤ ለቃሊቲም ሳይቀርብ አይቀርም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ሦስት ሊቃውንት፣ ሪቻርድ ፋይንማን፣ ጆን ሆፕፊልድና ካርቨር ሚድ፣ ስለ ስሌት ፊዚክስ አንድ ትምህርት በጋራ ይሰጡ ነበር። ፋይንማን በኳንተም ሕግ የሚያሰላ ማሽን አሰቡ። ሚድ የአንጎልን አሠራር በቺፕ ላይ የሚከተለውን፣ ኒውሮሞርፊክ ተብሎ የተጠራውን ስልት አፈለቁ። ሆፕፊልድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 ትዝታ እንዴት እንደሚሠራ በፊዚክስ ቋንቋ ገለጹ፤ ለዚህም ከጄፍሪ ሂንተን ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 ኖቤልን ተቀበሉ። የሆፕፊልድን ሐሳብ ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አይከብድም። በእንጦጦ ደቡባዊ ተዳፋት የወደቀ ጠብታ የትኛውም ጅረት ቢቀበለው ዞሮ ዞሮ ወደ አቃቂ ወንዝ ይወርዳል። ጎዶሎ ትዝታም እንደዚሁ ነው፤ ከፊሉን ብቻ ይዞ ቢነሣ እንኳ የቅርቡን ሸለቆ ተከትሎ ወደ ሙሉው ይደርሳል። ሁለቱ ጥበቦች፣ ኳንተሙም አንጎል መሰሉም፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ጎረቤት ነበሩ ማለት ነው።

የሚድ ደቀ መዝሙር የሆኑት ጋናዊው ክዋቤና ቦዋሄን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ16 ቺፖች 1 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳትን የሚመስል ማሽን ሠርተዋል፤ የሚበላው ኃይል ከጥቂት ዋት አይበልጥም። የሰው አንጎል ራሱ 20 ዋት ያህል ይበቃዋል። ያ የእንጦጦ ጠብታ የሚጠራቀምበት አባ ሳሙኤል በአገሪቱ ቀዳሚ የሆነው የውሃ ኃይል ማመንጫ ነው፤ ተዘግቶ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ታድሶ ሥራ ጀምሯል፤ አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነው። በእርሳስ ሲሰላ 330,000 አንጎሎችን ይቀልባል ማለት ነው። ኃይል በቁጠባ ለሚያዝበት አገር ይህ ቁጥር ተራ ጨዋታ አይደለም። ብዙ ኤሌክትሪክ ሳይበላ የሚያስብ ማሽን ለማን ይበልጥ እንደሚያስፈልግ ይጠቁማልና።

ቂሊንጦ ላይ ለሚቀመጥ ተማሪ ሁለቱ ቅርንጫፎች እኩል አይከፈቱለትም። አንጎል መሰሉን ስልት በተራ ኮምፒዩተር አስመስሎ መጀመር ይቻላል። ኩቢት ግን ሌላ ነው። በኩቢት ልብ ውስጥ ያለው ስስ የኦክሳይድ ንጣፍ ውፍረቱ 1 ናኖ ሜትር ያህል ነው። አንድ ጥሩ የብረት ቀራጭ በመቶኛ ሚሊ ሜትር ይጨነቃል፤ በሁለቱ መካከል 10,000 እጥፍ አለ። ይህ ርቀት በአንድ ዝላይ አይታለፍም፤ ይሁን እንጂ መሣሪያውን የሚሸከመው የመዳብ ሳህን፣ አየር የማያስገባው ሲሊንደር፣ ማይክሮዌቭን የሚገድበው የብረት ሳጥን ሁሉ የሚሠራው በዚያው በመቶኛ ሚሊ ሜትር እጅ ነው። የኳንተም ቤተ ሙከራ ከቺፕ በፊት የብረት ሥራ ቤት ነው፤ ይህን እውነት ብዙዎች የሚረዱት ከገቡበት በኋላ ነው።

የ2006ቱን ጥናት ከመጀመሪያው ቀመር እስከ መጨረሻው ድረስ በእርሳስና በወረቀት ብቻ መልሶ መሥራት ዛሬም ይቻላል። ትጉህ የቂሊንጦ ተማሪ ጥቂት ሳምንታት ይፈጅበት ይሆናል። የ2015ቱንም እንደዚሁ። በወረቀቱ ግርጌ የደረሰበት ቁጥር እውነት መሆኑን ለማየት ሲነሣ ግን ማቀዝቀዣው ያስፈልገዋል፤ ከማቀዝቀዣው በፊት ደግሞ በአቃቂ መንገድ ላይ ካሉት መቅረጫ ማሽኖች አንዱን ገብቶ የሚጠይቅበት ደብዳቤ።