ኦክስጅኑ ሪዘርቭ ሲገባ

ስለ አምቡላንስ ብዙ ተጽፏል፤ እኔም ጽፌያለሁ። ዛሬ የማነሳው በሽተኛው ሆስፒታል ከገባ በኋላ ስላለው መንገድ ነው። ከድንገተኛ ወደ ሲቲ ስካን፣ ከኦፕራሲዮን ክፍል ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል። ሁሉም በየክፍሉ ኃላፊ አለው፤ ኮሪደሩ ግን የማንም አይደለም።

ባለፈው ክረምት አጎቴ ራሳቸውን ስተው ወድቀው አንድ የመንግሥት ሆስፒታል አስገባናቸው። ሲቲ ስካን ታዘዘ። ማሽኑ ያለው ሌላ ሕንፃ ነው። ሲስተሯ ዞር ብላ አየችንና «አንዳችሁ ሲሊንደሩን ያዙ» አለች። ልጃቸው ሲሊንደሩን እንደ ሕፃን አቀፈ፣ ባለቤታቸው ግሉኮሱን ከፍ አድርገው ያዙ፣ እኔ ስትሬቸሩን ገፋሁ። አንደኛው ጎማ አይዞርም። ውጭ ዝናብ ነው፤ አንድ የማናውቀው አስታማሚ ዣንጥላውን ዘርግቶ አሻገረን። እንዲህ ዓይነት ሰው በየሆስፒታሉ አይጠፋም፣ እግዜር ይስጠው።

ሲቲው በር ላይ ወረፋ ነበር። ሲስተሯ ሌሎች በሽተኞች ትታ ስለመጣች ተመለሰች። አልፈረድኩባትም፤ እዚያም የሚያጣጥር ሰው አለ። እኛ ቆመን የሲሊንደሩን ጌጅ ማየት ጀመርን። የአጎቴ ልጅ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ቀስቱን አየና ቀስ ብሎ «ይሄ እኮ ሪዘርቭ ገብቷል» አለኝ፣ እናቱ እንዳይሰሙ።

ሂሳቡን በኋላ አንድ የአኔስቴዥያ ባለሙያ ወዳጄ አስረዳኝ። «ኢ» የሚባለው ትንሹ ተንቀሳቃሽ ሲሊንደር ሲሞላ 680 ሊትር ገደማ ይይዛል። በሽተኛው በደቂቃ 10 ሊትር ከወሰደ 68 ደቂቃ መሆኑ ነው። ሩብ ከቀረው 17 ደቂቃ። ወረፋውን፣ የተበላሸውን ሊፍትና መመለሻውን እናንተ ደምሩት።

የአሜሪካ የጽኑ ሕክምና ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው መመሪያ ለጉዞው ከሚያስፈልገው ኦክስጅን በላይ የ30 ደቂቃ መጠባበቂያ ይያዝ፣ ቢያንስ ሁለት ሰው አብሮ ይሂድ፣ ተቀባዩ ክፍል ዝግጁ መሆኑ አስቀድሞ ይረጋገጥ ይላል። ሁለት ሰው ሲል አስታማሚን ማለቱ አይደለም። በእጅ የሚጨመቀው አምቡ ባግም በ1950ዎቹ ዴንማርክ ውስጥ ሲሠራ ትልቁ ጥቅሙ ያለ ሲሊንደር ማስተንፈስ መቻሉ ነበር። የእኛው ድንገተኛ ክፍል ውስጥ፣ አልጋው ራስጌ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

በመጨረሻ አንዱ የሲቲ ባለሙያ ለሌላ ጉዳይ ወጣ ሲል አየን። ስትሬቸሩን ራሱ ስቦ አስገባና ከግድግዳው ኦክስጅን ጋር አገናኛቸው። ለካ አሥር እርምጃ ነው የሚርቀው! አጎቴ ተርፈዋል፤ ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳሉ። ያ ሰውዬ ባይወጣ ኖሮ በሰነዱ ላይ የሚጻፈው «በሕመማቸው ምክንያት» የሚል ነበር።

ይህን ለሐኪሞች ስነግር ቶሎ የሚመጣው መልስ «በጀት የለም» ነው። ለሰው ኃይሉ እውነት ነው፤ አንዲት ነርስ ሁለት ቦታ ልትቆም አትችልም። ግን ከመነሳት በፊት ወደ ሲቲ ክፍሉ ደውሎ «ጽኑ በሽተኛ ልናመጣ ነው፣ እንነሳ?» ማለት ስንት ብር ነው? ጌጁን ማየትስ? ከኮቪድ ወዲህ በየቦታው የኦክስጅን ማምረቻ ሲመረቅ ሪባኑን ቆመን ቀርጸናል። ኦክስጅኑ ከማምረቻው እስከ አልጋው ይደርሳል፤ አልጋው ሲንቀሳቀስ ግን ማን ይከተለዋል ብሎ የጠየቀ ጋዜጠኛ አላየሁም።

ሆስፒታል የምትሠሩ የዚህ ቻናል ተከታታዮች፣ እናንተ ጋ ጽኑ በሽተኛ ሲንቀሳቀስ አብሮት የሚሄደው ማነው? የሚፈረምበት ቅጽስ አለ? በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስማችሁንም የሆስፒታላችሁንም ስም አላወጣም።