ድምፄን የሚገዛው ማን ነው?



በካይሮ የምንኖር የቤት ሠራተኞች ጉልበታችንን ሸጠን እንደምናድር የታወቀ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ከመካከላችን ድምፃቸውንም የሚሸጡ ተገኝተዋል፤ ከእነርሱ አንዷ እኔ ነኝ። ሥራው እንዲህ ነው። በሌላ አገር ያለ ሰው በአማርኛ የተጻፈ ነገር በኢንተርኔት ይልክልኛል፤ እኔ አንብቤ እቀዳለሁ፤ የተቀዳውን መልሼ እልክለታለሁ፤ ሒሳቡም በዶላር ይታሰባል። ጽሑፉ አንድ ጊዜ ስለ ነፍሰ ጡር እናቶች ጤና፣ ሌላ ጊዜ የልጆች ተረት፣ አንዳንዴም ስልክ ስንደውል «ለአማርኛ ሁለትን ይጫኑ» የሚለው ዓይነት አጭር ነገር ነው። ሳምንቱን መዓዲ በሰው ቤት እሠራለሁ፤ የምቀዳው ማታ ወደ ማደሪያዬ ስመለስና ዓርብ በዕረፍት ቀኔ ነው።

ብዙ እህቶች «እንዴት ልጀምር?» ብለው ይጠይቁኛል። ለመጀመር የሚያስፈልገው ደኅና ስልክ፣ ጸጥ ያለ ጥግና ጥርት ያለ ንባብ ነው። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ፊቱን ከማላየው፣ ፊቴንም ከማያየኝ ሰው ጋር ተማምኖ መሥራት። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

ካይሮ ለአማርኛ ድምፅ አዲስ አይደለችም። የግብፅ ራዲዮ ወደ አፍሪካ በሚያሰራጨው ዝግጅት አማርኛ ቦታ ካገኘ ብዙ ዐሥርት ዓመታት ሆኖታል። በአገራችንም ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ጀምሮ የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ፣ በድምፅ እንጀራ መብላት እንደሚቻል ብዙ ወጣት አየ። በራዲዮና በቴሌቪዥን ቤት ግን ሠራተኛው አለቃ አለው፤ ችግር ቢመጣ የሚያንኳኳው በር አለ። በኢንተርኔት ለብቻዋ የምትሠራ ሴት መከራከሪያዋ ከገዢው ጋር በጽሑፍ የተነጋገረችው ቃል ነው።

መጀመሪያ መቀመጫዬን

«መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» ይላሉ አበው። ሳይነጋገሩ ሥራ መጀመር ምን እንደሚያመጣ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። «ሥራው ቀላል ነው፣ ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው» ተብለን ገብተን፣ በልጆቹ ላይ የታመሙ አያት፣ በአያትየዋ ላይ የማዳሟ እህት ቤት ምንጣፍ የተጨመረብን ስንቶች ነን? የግብፅ የሠራተኛ ሕግም፣ የ2003ቱም ሆነ እርሱን የተካው የ2025ቱ፣ የቤት ሠራተኛን ከሽፋኑ ውጭ ስላደረገ፣ ያልተነጋገርንበት ነገር ሁሉ የሚፈታው በማዳሟ ፈቃድ ነው። እኔ ይህን ትምህርት ይዤው ወደ ድምፅ ሥራ ገባሁ።

ስለዚህ አንድ ሰው «ይህን ቅጂልኝ» ሲለኝ ከመቅዳቴ በፊት አምስት ነገር በአጭሩ እጽፍለታለሁ። የሚሰማው ማን ነው? የት ይውላል? መቼ ይፈለጋል? ስንት ይከፈላል? ካለቀ በኋላ ጽሑፉ ቢለወጥስ? አንዳንድ እህት «ብዙ ከጠየቅሁት ይሸሸኛል» ትላለች። እኔ እንዳየሁት የሚሸሸው አስቀድሞም ሊከፍል ያላሰበው ነው። ጨዋው ገዢ ግን ጥያቄዎቹን ሲያይ ሥራውን የምታውቅ ሰው እንዳገኘ ይገባዋል፤ እርሱም ያላሰበበትን እንዲያስብ ይረዳዋል።

ገዢው የማያውቀውን መንገር

አብዛኛው ገዢ አማርኛ አይችልም። የላከውን ጽሑፍ ራሱ ማንበብ አይችልም፤ ስለዚህ እኛ ዓይኑም ጆሮውም ነን። በእንግሊዝኛ የሚያነጋግሩትን ሰው የሚጠሩበት ቃል አንድ ነው። በእኛ ግን «አንተ» አለ፣ «አንቺ» አለ፣ «እናንተ» አለ፣ «እርስዎ» አለ። ተርጓሚው በአንድ ገጽ ላይ ቀላቅሏቸው ከሆነ የምታዳምጠው ሴት ለማን እንደሚነገር ግራ ይገባታል። ማጥበቅና ማላላትም አለ፤ «ይበላል» የሚለው ሰውየው ነው የሚበላው ወይስ ምግቡ? ፊደላችን አይለየውም፤ የምትለየው አንባቢዋ ናት።

አንድ ጊዜ ስለ ሕፃናት ክትባት የሚናገር ጽሑፍ መጣልኝ። «ልጅዎን ይዘው በ9፡00 ሰዓት ይምጡ» ይላል። ይህ የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ በእኛ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ማለት ነው። እንደ ተጻፈው «ዘጠኝ ሰዓት» ብዬ ባነበው እናትየው ልጇን አዝላ የምትደርሰው ከሰዓት በኋላ፣ ክትባት ሰጪዋ ዕቃዋን ስትሰበስብ ነው። ለገዢው ጻፍኩለት። እስከዚያ ቀን ድረስ ኢትዮጵያውያን ሰዓትን በሌላ መንገድ እንደምንቆጥር የነገረው ሰው አልነበረም። ጽሑፉ ታርሞ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ይህ ሰው ጽሑፎቹን ከመቅዳቴ በፊት አስቀድሜ እንዳያቸው ይልክልኛል፤ ለዚያም ለብቻው ይከፍለኛል።

ዋጋንም በሚመለከት መንገር ያለብን ነገር አለ። ብዙ ገዢ ዋጋ የሚያወጣው በቃላት ብዛት ነው። እንግሊዝኛ አራትና አምስት ቃል የሚፈጅበትን አማርኛ በአንድ ቃል ይጨርሰዋል፤ «አልነገርኳቸውም» የምትለዋን ብቻ ተመልከቱ። እንግዲህ የአማርኛውን ቃል ቆጥሮ በእንግሊዝኛው ዋጋ የሚከፍል ሰው፣ ለዚያው ለአንድ ደቂቃ ድምፅ ያነሰ ገንዘብ ከፈለ ማለት ነው። ይህ ካለማወቅ የሚመጣ እንጂ ክፋት አይደለም። እኔ ባለቀው ቀረጻ ደቂቃ እንዲታሰብልኝ እጠይቃለሁ፤ በምሳሌ ሳስረዳ የተቆጣ ገዢ አላጋጠመኝም።

ስለ ገንዘቡና ስለ ኮከቡ

ፋይቨር የሚባለውን የኢንተርኔት ገበያ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። እዚያ ገዢው አስቀድሞ ይከፍላል፤ ገንዘቡን ገበያው ይይዘዋል። ሥራው ከተላከ በኋላ ገዢው በ3 ቀን ውስጥ እርማት ካልጠየቀ እንደተቀበለ ይቆጠራል፤ ክፍያው ደግሞ ለጀማሪ ሻጭ 14 ቀን ቆይቶ ይለቀቃል። ከሻጯ ላይ 20 በመቶ ስለሚቀነስ የ50 ዶላር ሥራ ለእኛ 40 ዶላር ነው። ይህን ሳያውቁ ዋጋ መቁረጥ በኋላ ከገዢው ጋር ማኩረፍን ያመጣል፤ እርሱ ግን ምንም አላጎደለም።

«ከገበያው ወጥተን በቀጥታ እንሥራ፣ 20 በመቶው ይቀርልሻል» የሚል ገዢ ይመጣል። ይህ የገበያውን ደንብ መጣስ ነው፤ መለያችንን ሊያዘጋብን ይችላል፤ ቢክደንም አቤት የምንልበት የለም። በሌላ ሰው ስም በተከፈተ መለያ መሥራትም እንዲሁ ነው፤ ገንዘቡ የሚገባው መለያው በስሙ ለተከፈተለት ነው።

ገንዘቡ ለእኛ ትንሽ አይደለም። በመጋቢት 2024 የግብፅ ፓውንድ ሲወርድ 1 ዶላር ከ31 ፓውንድ ገደማ ተነሥቶ ወደ 50 ተጠጋ። በፓውንድ ደመወዝ የምንቀበል ሁሉ ለቤተሰብ የምንልከው እንዴት እንዳነሰ እናስታውሳለን። ገዢው በመጨረሻ የሚሰጠን ኮከብም ከገንዘቡ አያንስም፤ የሚቀጥለው ገዢ እርሱን አይቶ ነውና የሚመጣው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚባለው እዚህም ይሠራል።

ስም ደግሞ የሚገኘው የሚቻለውን ያህል ብቻ ቃል በመግባት ነው። የካይሮን ጫጫታ ታውቁታላችሁ። የቡታጋዝ ሻጩ ሲሊንደሩን በብረት እየደበደበ ያልፋል፤ «ሮባ ቢክያ» የሚለው አሮጌ ዕቃ ገዢ በድምፅ ማጉያ ይጮኻል፤ ቱክቱኩ አለ፣ የመኪናው ጥሩንባ አለ። እኔ የምቀዳው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት በኋላ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ በቁም ሣጥኑ ውስጥ ነው። በ2023 እና በ2024 የሙቀት ወራት መብራት በተራ ይጠፋ በነበረ ጊዜ ደግሞ በአንድ ቀን የሚያልቀውን «በሦስት ቀን» እል ነበር። በሁለተኛው ቀን ሲደርሰው ገዢው ይደሰታል።

እርማት ሲመጣም መለየት ነው። እኔ ተሳስቼ ያነበብኩትን ያለ ክፍያ እደግመዋለሁ። ገዢው ጽሑፉን ለውጦ ከሆነ ግን አዲስ ሥራ ነው፤ አስቀድመን ስለተነጋገርን ማንም አይቀየምም።

ያላነበብኩት ማስታወቂያ

ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነበር። አንድ ዓመት ያህል ሥራ ሲልክልኝ የቆየ፣ ክፍያ አጓድሎ የማያውቅ ደንበኛ ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ማስታወቂያ ላከልኝ። የሚሰሙት በአገራችን ያሉ ልጃገረዶች ናቸው። በአንድ የዓረብ አገር የቤት ሥራ እንዳለ ይናገራል፤ «ወጪ የለብሽም፣ የራስሽ ክፍል ይኖርሻል፣ በየሳምንቱ ታርፊያለሽ» ይላል። የኤጀንሲ ስም የለውም፤ የደመወዝ ልክ የለውም፤ ያለው የስልክ ቁጥር ብቻ ነው። ከግርጌው ላይ «እንደ ታላቅ እህት ሆነሽ፣ በደስታ ድምፅ ይነበብ» የሚል ማሳሰቢያ ተጽፏል።

እህቶቼ፣ ያንን ድምፅ እናውቀዋለን። አንዳንዶቻችንን ከእናታችን ቤት ያወጣን እንዲያ ያለ ድምፅ ነው።

ለደንበኛዬ ያለ ቁጣ ጻፍኩለት። በአገራችን አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ሠራተኛ ወደ ውጭ የሚልክ ኤጀንሲ ፈቃድ ሊኖረው፣ ከተቀባዩ አገር ጋርም የሥራ ስምምነት ሊኖር፣ ውሉም በመንግሥት ሊጸድቅ እንደሚገባ አስረዳሁት። የኤጀንሲው ስምና የፈቃድ ቁጥር፣ የደመወዙም ልክ በጽሑፉ ውስጥ ከገባ እንደማነበው፣ ካልገባ ግን እንደማልችል ነገርኩት። እርሱም መካከለኛ ስለነበር ጥያቄዬን ለባለቤቱ አስተላለፈ። በሁለተኛው ቀን መልስ መጣ፤ ባለቤቱ ጥያቄውን ትቶ «ሌላ ሴት አትገኝም ወይ?» ብሏል። ደንበኛዬ ሥራውን ሰረዘው።

40 ዶላር ቀረብኝ፤ በዚያን ጊዜ ሁለት ሺህ ፓውንድ ገደማ ነበር። ሁለት ወርም ከደንበኛዬ ምንም አልሰማሁም። ሌላ ድምፅ አግኝተው ይሆናል፤ የእኔ ግን አይደለም። ከሁለት ወር በኋላ ስለ ወባ መከላከያ የሚናገር ጽሑፍ ላከና «አስቀድመሽ አንብቢውና የምትይውን ንገሪኝ» አለኝ። ስለ ማስታወቂያው ሁለታችንም አላነሣንም፤ እስከ ዛሬ ግን አብረን እንሠራለን።

«የት ይውላል?» የሚለውን ጥያቄ የማልተወው ለዚህ ነው። አሁን ደግሞ ሌላ ምክንያት ተጨምሯል። ድምፅ ገዝቶ ማሽን የሚያስተምርበት፣ ከዚያም እኛ ያላልነውን በእኛ ድምፅ የሚያናግር ሰው ሊመጣ ይችላል። በአሜሪካ የተዋናዮች ማኅበር በ2023 ለ118 ቀን ሥራ ባቆመ ጊዜ ካነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነበር። እነርሱ ማኅበር አላቸው፤ እኛ ያለን ከመቅዳታችን በፊት የምንጽፋት አንዲት መስመር ናት፤ «ድምፄ ለዚህ ሥራ ብቻ ነው፤ ለማሽን ማስተማሪያ አይውልም።» የሚስማማው ገዢ «እሺ» ብሎ ይጽፋል፤ የጻፈው ይቀመጣል።

አምስቱን ጥያቄዎችና ይህችን መስመር በቀላል እንግሊዝኛ ጽፌ አባዝቻቸዋለሁ። ዓርብ ከመርሐ ግብሩ በኋላ ፈልጉኝ፤ አንድ አንድ ወረቀት እሰጣችኋለሁ። ማንበብ የምትለማመዱ ካላችሁም አጭር ጽሑፍ ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እንሰማማለን።

ቸር ያገናኘን።