ዋጋው ለብቻ፣ ሶደቃው ለብቻ



ሐረርን የሚያውቅ ፈረስ መጋላን ያውቃል። ስሙ እንደሚነግረን የፈረስ ገበያ የነበረ፣ የጀጎል መንገዶች የሚገናኙበት አደባባይ ነው። ከዚያ ወደ ጊድር መጋላ የምትወርደው ጠባብ መንገድ ደግሞ «መኪና ግርግር» ትባላለች። ስሟን ያገኘችው ከተሽከርካሪ አይደለም፤ ግራና ቀኝ ተደርድረው ከሚንጓጉት የስፌት መኪናዎች ነው። እኛንም አባታችን ያሳደጉን ከእነዚህ መኪናዎች በአንዱ ላይ አጎንብሰው ነው።

አባታችን ከዘመድ፣ ከጎረቤትና አብሯቸው ከሚሰግድ ሰው ገንዘብ አይቀበሉም ነበር። «ከወንድሜ ላይ ምን ብዬ እቀበላለሁ?» ይላሉ። እኛም በዚህ እንኮራ ነበር። ይሁን እንጂ አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባሳጠሯት በዚህች ከተማ ውስጥ ዘመድ ያልሆነ፣ ጎረቤትም ያልሆነ፣ በአንድ መስጊድም የማይሰግድ ደንበኛ ስንት ይገኛል?

አንድ ዓመት በረመዷን መግቢያ ላይ ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ለልጇ የዒድ ጀለቢያ የሚሆን ጨርቅ አመጣች። ልክ ተወሰደ፤ ጨርቁም ተጣጥፎ መደርደሪያው ላይ ተቀመጠ። ቀብድ የከፈለ ሰው በየቀኑ እየመጣ «ደረሰልኝ ወይ?» ሲል የእርሱ ይቀድማል። እሷ ግን አንድም ቀን መጥታ አልጠየቀችም። በዒድ ዋዜማ ሌሊት አባታችን ዓይናቸው በድካም እየተከደነ ሰፉት። በማግስቱ ልጁን ከሶላቱ ቦታ ስናየው የለበሰው ያምናውን ልብስ ነበር። የአዲሱ እጅጌ ጠቦ አልገባለትም።

እናታችን ለምን መልሳ እንዳላመጣችው ሲጠይቋት፣ «በነፃ የተሠራልኝን ልብስ እንዴት ብዬ ይህ ጎደለ እላለሁ፣ እትዬ?» ብላ መለሰች። ይህ ቃል ለአባታችን ሲነገራቸው እኛም ቤት ነበርን። ረዥም ጊዜ ዝም አሉ።

ከዒድ በኋላ እኛን ደብተር አስይዘው የአንድ ወር ሥራ አስመዘገቡን። በአንድ በኩል የተከፈለበት፣ በሌላው ያልተከፈለበት። ወሩ ሲያልቅ ያልተከፈለበት ከግማሽ በላይ ሆኖ ተገኘ። ክሩ፣ ቁልፉ፣ የካውያው ከሰል ግን በነፃ አልመጣም። ከሁሉም የከበደው የረዳታቸው ነገር ነበር። ከገጠር መጥቶ ቀኑን ሙሉ ቁልፍ ሲተክል የሚውለው ልጅ ደመወዙ ተቆራርጦ፣ ያውም ዘግይቶ ነበር የሚደርሰው። የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል የታዘዝን መሆናችንን ሁላችንም እናውቃለን። «ለካ እኔ ደግ የሆንኩት በዚህ ልጅ ላብ ነው!» አሉ አባታችን።

ታዲያ ዋጋ መጠየቅ ከወንድማማችነት ጋር ይጋጫልን? እስቲ ሲራውን እንመልከት። ለሒጅራ ጉዞ አቡበከር (ረ.ዐ.) ካዘጋጇቸው ሁለት ግመሎች አንዷን ሲያቀርቡላቸው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተቀበሏት በዋጋዋ ነው። ከዚያ የበለጠ ወዳጅነት ከወዴት ይገኛል? ከጃቢር (ረ.ዐ.) ላይ ግመሉን በጉዞ ላይ በገዙ ጊዜም፣ መዲና ሲደርሱ ዋጋውን ከፍለውት፣ ከዚያ በኋላ ግመሉንም መልሰው ሰጡት። ልብ እንበል! በመጀመሪያ ዋጋው ተነገረ፤ ቀጥሎ ተከፈለ፤ ስጦታው የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ከተማችንም ብትሆን አሚሮቿ በስማቸው ገንዘብ ያስመቱባት የነበረች የገበያ ከተማ ናት። ዋጋን አፍ ሞልቶ መናገር ለእሷ እንግዳ ነገር አይደለም።

አባታችን ካርቶን ቀደው የእያንዳንዱን ሥራ ዋጋ አስጻፉን። ሱሪ ማሳጠር ይህን ያህል፣ ዚፕ መቀየር ይህን ያህል፣ ጀለቢያ ይህን ያህል። ከሥሩም «ለሁሉም እኩል» የሚል ተጨመረ። አቅም ለሌለው ሰው ዋጋውን ከነገሩ በኋላ «ይህን አንተ ትከፍላለህ፣ ይህ ደግሞ ከእኔ» ይሉታል። ያ የተቀነሰው ከራሳቸው ድርሻ ይጻፋል፤ የረዳቱ ደመወዝ አይነካም።

ነገሩ ቀላል ነበር አንልም። አንድ የቅርብ ዘመዳችን ካርቶኑን አንብቦ ጨርቁን በብብቱ ሸጎጠና ወደ ሌላ ሰፊ ሄደ። ሁለት ዓመት ቤታችንን አልረገጠም። «ገንዘብ አሸነፈው» የሚል ወሬም ከፈረስ መጋላ ሻይ ቤቶች ደረሰን። አባታችን ሲያዝኑ አይተናል፤ ካርቶኑን ግን አላወረዱትም።

በተከታዩ ረመዷን ያቺ ጎረቤታችን መጣች። የዋጋውን ግማሽ ከፈለች፤ ቀሪው በአባታችን ስም ሶደቃ ተብሎ ተጻፈ። ልብሱ ከተራው ሳይዘገይ ተሰፋ። ወስዳ ካስለካችው በኋላ ተመልሳ መጣችና ጀለቢያውን መኪናው ላይ ዘርግታ፣ «እጅጌው ዘንድሮም ጠብቧል፤ ሰፋ ያድርጉልኝ» አለች፤ ድምጿን ዝቅ ሳታደርግ። አባታችንም «እውነትሽን ነው ልጄ» ብለው ስፌቱን ፈቱት። ስትሄድ ወደ እኛ ዞረው፣ «አልሐምዱ ሊላህ፣ ዘንድሮ መናገር ቻለች» አሉን። በዒድ ቀን ልጇ አዲሱን ልብስ ለብሶ ከፊታችን ተሰልፎ ሰገደ።

ዛሬ አባታችን በሕይወት የሉም፤ አላህ ይዘንላቸው። ከመካከላችን አሁንም መኪናው ላይ ያለ አለ፤ ኮምፒውተር የሚጠግን አለ፤ ተማሪ የሚያስጠና አለ። ሁላችንንም «ለአንተ እኮ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው!» የሚል ወዳጅ አላጣንም። አምስቱን ደቂቃ ለመማር ስንት ዓመት እንደፈጀ ግን ማንም አይጠይቅም።

አንባቢያን እንዳይሳሳቱብን። በሠርግና በለቅሶ በአፎቻችን የምንሠራው ሥራ ዋጋ የለውም፤ ሊኖረውም አይገባም። ዛሬ እኛ ለጎረቤት እንነሳለን፣ ነገ ጎረቤት ለእኛ ይነሳል፤ ተራው ይዞራል። የቤታችን መተዳደሪያ የሆነው ሥራ ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ብቻ ሲፈስ፣ ሠሪው ውስጥ ውስጡን ያማርራል፤ ተቀባዩም ቅር ያለውን ዋጥ አድርጎ ይሄዳል። ሁለቱም ፈገግ እያሉ ይራራቃሉ።

ስለዚህ ውድ ወጣቶች፣ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ዋጋችሁን በግልጽ ተናገሩ። የተቀበላችሁበትን ሥራ በቀጠሮው አድርሱ፤ ጉድለቱ ሲነገራችሁም አትቆጡ፤ ደንበኛው መብቱን ከፍሎበታልና። አብሯችሁ የሚሠራውን ሰው ድርሻ አስቀድሙ። ከዚያ በኋላ ከራሳችሁ ድርሻ ለፈለጋችሁት ስጡ፤ ሶደቃ የሚሆነውም ያ ነው።

አላህ በሐላል ሠርተው ከሚያገኙት፣ አግኝተውም ከሚሰጡት ያድርገን። አሚን።