ደሴን አልሰጥም

በ2002 ዓ.ም. ጥር መገባደጃ ላይ፣ ልጆቹ የመንፈቅ ዓመቱን ፈተና እንደጨረሱ፣ ደሴ እናቴ ዘንድ ልንወስዳቸው ከአዲስ አበባ ተነሣን። 400 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። በአውቶቡስ ብቻዬን ብዙ ጊዜ ተመላልሼበታለሁ፤ ሦስት ልጆች ከኋላ ደርድሮ መሄድ ግን ሌላ ነገር ነው። ትልቋ 9 ዓመቷ ነበር፣ ወንዱ 6፣ ትንሿ 3። መኪናችን ከትዳራችን በዕድሜ የምትበልጥ ዲኤክስ ነበረች።

ሌሊት 11 ሰዓት ላይ፣ እንደተኙ በጋቢ ጠቅልለን አስገባናቸው። ደብረ ብርሃን እስክንደርስ ይተኛሉ ብለን ነበር። ለገጣፎን ሳናልፍ ሦስቱም ነቁ። «ደረስን?» አለች ትንሿ።

ጠቡ የተነሣው በመስኮት ነው። ሁለት መስኮት ለሦስት ልጅ አይበቃም፤ መሐል የደረሰው ሁሉ ተበደልኩ ይላል። መቆጣቱንም ማባበሉንም ሞከርኩ። በመጨረሻ ባለቤቴ ሕግ አወጣ፦ አንድ ከተማ ባለፍን ቁጥር ቦታ ይቀያየራሉ። ለጊዜው ዝም እንዲሉ ብሎ ነው እንጂ ቀኑን ሙሉ የሚያደርሰን ነገር መሆኑን እሱም አላወቀም። ከዚያ ወዲያ ልጆቹ የከተማ ስም ጠያቂ ሆኑ። ሰንዳፋ፣ አሌልቱ፣ ሸኖ፣ ጫጫ። ትልቋ በደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ ትመዘግባለች። «መቼ ነው የምንደርሰው?» ቀርቶ «ቀጥሎ ማን አለ?» ተተካ።

ወንዱን መኪና አይስማማውም። አሌልቱ ላይ ፊቱ ሲገረጣ አየሁ፣ ፌስታል እስክዘረጋ ግን አልቻለም። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ሆዱ ባዶ አይሁን ብዬ ሌሊት ወተት አጠጥቼዋለሁ። ለመንገድ ወተት አይሆንም፤ ደረቅ ዳቦና ትንሽ ቆሎ ይሻላል፣ ዓይንም ከፊት ካለው መንገድ ባይነቀል ጥሩ ነው። ወርደን በጀሪካን ውሃ አጠብኩት፣ ልብሱን ቀየርኩለት፣ ከዚያ እናቴ ለእኛ ታደርግ እንደነበረው ሎሚ ሰጠሁት። ሎሚውን አያያዙ አሁንም ይታየኛል። በሁለት መዳፉ አቅፎ በአውራ ጣቱ ጥፍር ልጣጩን ጫር ያደርግና ያሸታል፤ ሽታው ሲደክም አጠገቡ ሌላ ቦታ ይጭራል። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሎሚው ላይ ያልተጫረ ቦታ አልቀረም።

ደብረ ብርሃን ጥላ ጥላው ላይ ውርጩ ገና አልቀለጠም ነበር። ቁርስ በላን፣ እጃቸውን በሻይ ብርጭቆ አሞቁ፣ ወጣን። እንቆቅልሹ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

የጀመረችው ትልቋ ናት። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልሽ!» ሕጉን የማያውቅ የለም፤ ያልመለሰ አገር ይሰጣል። ቤት ውስጥ ሲጫወቱ የሚሰጡት አገር ስም ብቻ ነው፣ አሜሪካን ወይም ጎጃምን ወርውረው ይገላገላሉ። ያን ቀን ግን የሚሰጡት በዓይናቸው ያዩትን፣ ዳቦ የበሉበትን ነው። ወንዱ ተሸነፈና ሸኖን ሰጠ። ቀጥሎ ደብረ ብርሃንን ሰጠ፣ «ሻዩ ግን የኔ ነው» ብሎ ተከራክሮ።

ጣርማ በር ላይ ጸሐዩ ደምቆ ነበር። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ዋሻ ተራራውን ሰንጥቆ ያልፋል። ባለቤቴ መብራት አበራ። ጨለማው ውስጥ ሦስቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ። በወዲያኛው አፍ ብቅ ስንል ከቆላው የወጣው ጉም መንገዱን ውጦታል፤ ከፊታችን ያለው የጭነት መኪና ቀይ መብራቱ ብቻ ነው የሚታየው። በሁለተኛ ማርሽ ቀስ እያልን መውረድ ጀመርን። ያኔ ወንዱ ልጅ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሎሚ ከማሽተት በቀር ብዙም ያልተናገረው ልጅ፣ «እንቆቅልሽ!» አለ። «በጸሐይ ገባሁ፣ በጉም ወጣሁ።»

ማንም ሳያስተምረው ከዓይኑ ያመጣው ነው። እህቱ መልሱን ታውቀዋለች፣ አሁን የወጣችበት ዋሻ ነው፤ ግን ዝም ብላ አየችውና «አላወቅሁም፣ ደብረ ብርሃንን መልሼልሃለሁ» አለችው። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ዓይኔን ጉሙ ላይ ተከልኩ።

ቁልቁለቱ የጆሮ ነው። ከ50 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ ከዚያ ከፍታ ወደ 1 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ትንሿ ጆሮዋን ይዛ አለቀሰች፤ ውሃ በጉንጭ በጉንጭ ያስዋጠቻት ትልቋ ናት። ደብረ ሲና ላይ ጋቢው ወለቀ፣ አርማንያ ላይ ሹራቡ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ካልሲው ሳይቀር። ጥላ ፈልገን ፓፓያ በላን፣ ከሙቀቱ የተነሣ ሁሉም እንቅልፍ ጣላቸው። ሰንበቴ ላይ ግመል ለማየት ነቁ። አጣዬን፣ ካራ ቆሬን፣ ከሚሴን አለፍን፤ ሐርቡ ላይ ልጁ ከሁለት ከተሞች በቀር ሁሉን ሰጥቶ ጨርሷል።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሐረጎን መውጣት ነው። ሊመሽ ሲል ግማሹ ዳገት ላይ የሙቀቱ መርፌ ቀይ ነካ፤ እንፋሎቱ ከኮፈኑ ሥር ተነፈሰ። ባለቤቴ ዳር ያዘና ወረደ፤ ልጁ ድንጋይ አንሥቶ ከጎማው ኋላ ታኮ አደረገ። አንድ የጭነት መኪና ቆመ። ረዳቱ እየሮጠ መጣ፦ «ወንድም ዓለም፣ የራዲያተሩን ክዳን እንዳትነካ! ፊትህን ይልጥሃል። ይብረድ።» ሾፌሩ ጀሪካን ውሃ አውርዶ አጠገባችን አስቀመጠና ልጆቹን አያቸው። «አብሽሩ» አላቸው። «ደሴ እዚሁ ናት።»

ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ብርዱ ተመልሷል፤ የወለቀው ልብስ ሁሉ እንደገና ተለበሰ። ትልቋ «እንቆቅልሽ» አለች፣ «ስትጠግብ ዝም፣ ስትጠማ ጩኸት።» ልጁ ሚዳቋ አለ፣ ጥጃ አለ፣ ትንሿ ናት አለ። መኪናችን መሆኗ አልመጣለትም።

«አገር ስጠኝ።»

ኮምቦልቻን ሰጠ። እሷ አልተወችም፣ ሌላ ጠየቀችው፤ አሁንም አልመለሰም። የቀረው አንድ ነው።

«ደሴን ስጠኝ።»

«ደሴን አልሰጥም። እምዬ አለችበት።»

«ሕግ ነው!»

ልጁ ከልቡ አለቀሰ። የማባብለው መስሎኝ አቀፍኩት፣ እሱ ግን ተሸንፌያለሁ ብሎ አልነበረም የሚያለቅሰው። ብሰጣት እምዬን አናገኛትም ብሎ ፈርቷል። ከጠዋት ጀምሮ በየከተማው እየሰጠ የመጣው ሁሉ ከኋላችን ጠፍቷል፤ ሸኖ የለም፣ ሮቢት የለም፣ ግመሎቹ የሉም። ይህን ስረዳ እኔም ቃል አጣሁ። አባቱ ውሃውን ቀስ አድርጎ ሲሞላ ሰምቶን ኖሯል፤ ቀና ብሎ «ያልደረሱበት አገር አይሰጥም» አለ። ትልቋ ጥቂት አሰበችና ደብተሯን ዘጋች።

ደሴ ስንገባ ምሽት 1 ሰዓት አልፏል። እናቴ ነጠላዋን ደርባ በራፍ ላይ ቆማለች። ትንሿን እንደተኛች ባለቤቴ ተሸከማት። ወንዱ የኋላውን በር ራሱ ከፍቶ ወረደ፣ ሎሚው አሁንም በእጁ ነው፤ ሮጦ ቀሚሷ ውስጥ ተወሸቀ።

«እምዬ፣ አልሰጠሁሽም» አላት።

እናቴ ወደ እኔ ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ አጎነበሰችና ግንባሩን ሳመችው። «ለማን ልትሰጠኝ ኖሯል፣ ልጄ?»