ዘር ከልጓም ይስባል ያለው ማነው?

እስቲ ልጠይቃችሁ። ከጓደኞቻችሁ ጋር ሰብሰብ ብላችሁ ስትጫወቱ የልጅነት ግርፊያ ወሬ ተነስቶባችሁ አያውቅም? አንዱ በበርበሬ መታጠኑን ያወራል፣ ሌላው በአባቱ ቀበቶ መሞሽለቁን፣ ሌላዋ ደግሞ የምትገረፍበትን ልምጭ ራሷ ቆርጣ እንድታመጣ መታዘዟን። ሳቁ አይጣል ነው! በመጨረሻም አንዱ “ባልገረፍ ኖሮ ሰው አልሆንም ነበር” ይልና ጨዋታው ይዘጋል። ልምጩን ሁሉም ያስታውሰዋል። በዚያች ሰዓት ምን ያህል እንደፈራና ምን ያህል እንደከፋው ግን ማንም አያነሳም። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለዚችው ስለምትዘለለው ነገር ነው። ዞራ ዞራ ልጆቻችን ላይ የምታርፈው እሷ ናትና።

እኔ የላሊበላ ልጅ ነኝ። የከተማችን ሰው ስለ ቅርስ ከተጠየቀ አፉን ሞልቶ ነው የሚናገረው። 11ዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አንድ በአንድ ይቆጥርላችኋል፤ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መመዝገባቸውንም ይጨምርላችኋል። በየቤቱ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈውን ቅርስ ግን ማን ይቆጥረዋል?

የኛ ቤት ቅርስ ገበታ ላይ ነበር። በኛ ቤት እህል አይተርፍም፤ መሶብ ፊት አይለቀስም። ጠገብኩ ያለ ልጅ ልምጭ ይቀምሳል። እናቴ ቁጡ ሴት ሆና እንዳይመስላችሁ። ብርጭቆ ብንሰብር፣ ልብስ ብንቀድ “ተዉ እንግዲህ” ብላ ታልፋለች። እህል ላይ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ለምን እንደሆነ ጠይቀናት አናውቅም፤ በኛ አገር እናት መች እንዲህ ያለ ነገር ትጠየቃለች?

ታላቅ እህቴ እዚያው ላሊበላ አግብታ ወለደች። ባሏ ቱሪስት አስጎብኚ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣና እንግዳ ጠፋ። በ2013 ክረምት ደግሞ ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ ገባ። ቤቱ ውስጥ ብሩም ሳቁም አለቀ። በኋላ የተወለደችው ልጃቸው 4 ዓመት ሲሞላት አልበላም አለች። የጎረሰችውን አፏ ውስጥ ይዛ ሩብ ሰዓት ትቀመጣለች፤ አትውጠው፣ አትተፋው። እህቴ መጀመሪያ ትለምናለች፣ ቀጥሎ ታስፈራራለች፣ ከዚያ ልምጩ ይመጣል። ልጅቷ ከቀን ወደ ቀን እየከሳች ሄደች። አያት ሆዬ “የኛ ዘር እልኸኛ ነው፤ ዘር ከልጓም ይስባል” ብላ ደመደመች።

አዲስ አበባ ይዛት መጣች። ሐኪሙ መዘናት፣ አፏንና ጉሮሮዋን አየ፣ ደምና ሰገራ አስመረመረ። ክብደቷ ለዕድሜዋ ዝቅ ያለ ነው፤ በሽታ ግን አልተገኘባትም። ከቤተሰብ ጋር ወደምትሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ መራን። እህቴ “ልጄ እብድ አይደለችም!” ብላ ግብግብ ፈጠረች። ለምነን ወሰድናት።

ባለሙያዋ ልጅቷን ምንም አልጠየቀቻትም። ምንጣፍ ላይ አሻንጉሊትና ትናንሽ ሳህኖች ዘርግታ፣ እናትየዋን እዚያው መሬት ላይ አስቀምጣ ዝም አለች። ልጅቷ ትንሽ ቆይታ አሻንጉሊቷን አነሳች። ወረቀት ቀዳ አፏ ላይ ጠቀጠቀች። “ብይ! ብይ አልኩሽ!” አለችና በጥፊ አጮለቻት። የእህቴ ፊት ዓመድ መሰለ። ባለሙያዋ አልወቀሰቻትም። ቀስ ብላ “እናት፣ አንቺን በልጅነትሽ ማን ነበር የሚያበላሽ?” አለቻት። ከዚያ ወረቀት አውጥታ ከአያት እስከ ልጅ ሦስት ትውልድ አስቆጠረቻት፤ ማን ከማን ጋር በምን ይጣላል፣ ማን ምን አይወራበትም እያለች።

እኔ ይሄ ነገር ከየት መጣ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ለካ የቆየ ሙያ ነው። አርጀንቲና ተወልዶ አሜሪካ የሠራው ሳልቫዶር ሚኑቺን የሚባል ሐኪም፣ እህል እምቢ ያሉ ልጆችን የሚያክመው ቤተሰቡን ሰብስቦ አብሮ ምሳ እያስበላ ነበር። ገበታው ላይ ማን ማንን እንደሚጫን በዓይኑ ያያል። ሰልማ ፍሬይበርግ የምትባል ሌላ አሜሪካዊት ደግሞ በ1975 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቿ ጋር በጻፈችው ጥናት፣ ሕጻን ልጇ ስታለቅስ የማትሰማት የምትመስል እናት ታሪክ አለ። እናትየዋ ልጅ ሳለች የተገፋች ናት፤ ለቅሶዋን የሰማላት ሰው አልነበረም። ባለሙያዎቹ ቤቷ ድረስ እየሄዱ መጀመሪያ የሷን ሰሙላት። እሷ ስለ ራሷ ስታለቅስ፣ ያን ጊዜ ልጇን አቅፋ ማባበል ቻለች። የፍሬይበርግ ግኝት ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ክፉ ልጅነት ያሳለፉ ወላጆች የደረሰባቸውን አይረሱም፤ የሚረሱት ያኔ የተሰማቸውን ነው። ስሜቱን ያስታወሰ ወላጅ ግን በልጁ ላይ አይደግመውም። እኛስ በግርፊያችን የምንስቀው ለምን ይመስላችኋል?

ለገና አገር ቤት ስገባ እህቴ ቡና አፈላች፤ ልጅቷን ጎረቤት ላከቻት። “እማዬ፣ አንቺን ማን ነበር የሚያበላሽ?” አለቻት። እናቴ የ1977ን ድርቅ ሁሌም “ክፉ ቀን ነበር፣ አለፈ” ብላ ነው የምትዘጋው። የዚያን ዕለት ግን አልዘጋችውም። ያኔ የ10 ዓመት ልጅ ነች። ከእናቷና ከትንሽ ወንድሟ ጋር፣ በጊዜው በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ወደነበረችው ኮረም፣ እርዳታ ይገኛል ተብሎ በእግር ሄዱ። ወንድሟን የምታዝለው እሷ ነበረች። ራበኝ እያለ ጀርባዋ ላይ ያለቅሳል። “መንገድ ላይ ዝም አለ። እንቅልፍ ወሰደው ብዬ ደስ አለኝ” አለች። ከዚያ ወዲያ መናገር አልቻለችም። 40 ዓመት የቆየ እንባ ስኒው ላይ ወረደ። እህቴም አቅፋት አለቀሰች።

አያችሁ? እናቴን ልጅ እህል ፊት ሲያለቅስ የሚያስበረግጋት እልኽ አልነበረም፤ ያ ድምፅ ነው። ልምጩ ድምፁን ዝም ማሰኛ ነበር። እህቴ ኮረምን አታውቃትም፤ ፍርሃቷን ግን ከነልምጩ ወርሳለች። ልጅቷም ስለ ድርቅ ምንም ሳትሰማ ጉርሻ አፏ ውስጥ ሲገባ ትፈራለች። ዘር አይደለም የሳበው፤ ሰሚ ያጣ ለቅሶ ነው።

ከዚያ በኋላ በአንድ ሌሊት ተአምር ሆነ አልላችሁም። እህቴ ልምጩን ጣለች። ባለሙያዋ እንዳለቻት ምን እንደሚቀርብና መቼ እንደሚቀርብ እሷ ትወስናለች፤ ምን ያህል እንደሚበላ ልጅቷ። ጉርሻ በግድ ቀረ። ልጅቷ በራሷ እጅ ትቆርሳለች፣ ታዝረከርካለች። እህቴ አንዳንድ ቀን እጇ ሲያሳክካት ወጥታ ውጪ ትቆማለች። ከወራት በኋላ ሲመዝኗት ኪሎዋ ጨምሯል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን ልጅቷ ግማሽ እንጀራ ትታ ስትነሳ እህቴ ልትቆጣ አፏን ስትከፍት፣ እናቴ ቀደመቻት፦ “ተያት፤ ሲርባት ትበላለች።”

እንግዲህ ወጣቶች፣ ወልዳችሁም ሆነ ገና ለመውለድ እያሰባችሁ፣ ምክሬ ይህችው ናት። ልጅ ካልበላ፣ ካልተኛ ወይም አልጋ ላይ መሽናት ከጀመረ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ በሽታም ሊሆን ይችላል። በሽታው ከሌለ “ይህ ልጅ ምን ሆነ?” ከማለታችሁ በፊት “ይህ ነገር እኔን ለምን እንዲህ ያናድደኛል?” በሉ። ባለሙያ ካገኛችሁ ሂዱ፤ ለእብድ ብቻ አይደለም። ካላገኛችሁም እናት አባቶቻችሁን በሕይወት እያሉ ጠይቋቸው። ሳትወቅሱ፣ ሳትቸኩሉ፣ ልጆች በሌሉበት። “ገበና ነው” ይሏችኋል። ገበናን ለጎረቤት መዝራት ነውር ነው፤ ከልጅ ደብቆ በልምጭ ማውረስ ግን ከዚያ ይብሳል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጅን በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ይጠብቀዋል። የቤታችን መሶብ ዙሪያ ግን ዳኛውም ተከሳሹም እኛው ነን። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ይባል የለ? ከነትራፊውም ጨምሩበት።

ቸር ሰንብቱ።